የአራስ ሕፃናት የኅብለ ሰረሰር ጉዳት በመዝገብ ላይ በስሙ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣ በወሊድ ጊዜ ጉዳት ስለሚደርስባቸው ሕፃናት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የወላጆቹን ሐዘን በጥንቃቄና በአክብሮት ያቀረበ ጽሑፍ በመሆኑ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ሆኖም «የወሊድ ጉዳት» የሚለው ሐረግ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው «የሐኪም ጥፋት» በሚል ትርጉም ብቻ ማገልገሉን፣ ለረጅም ዓመታት የሕክምና ካርድ እያነበብኩ ኮድ ስሰጥ የኖርኩት እኔ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ለሐኪሞች ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር በካርድ ምክንያት የተጨቃጨቅኩበት ቀን ከተስማማሁበት ይበልጣል። የምጽፈው ሁለቱን ነገሮች መደባለቁ ከጉዳቶች ሁሉ አንዱን፣ ማለትም የአራስ ሕፃን የአከርካሪና የኅብለ ሰረሰር ጉዳትን፣ እንዴት ከመዝገብ ላይ እንደሚያጠፋው በቅርብ ስላየሁ ነው።

ሥራዬን የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና በአጭሩ ላስረዳ። ታካሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ካርዱ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል፤ እኛም ሐኪሙ በቃላት የጻፈውን የበሽታ ወይም የጉዳት ስም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ መሠረት ወደ ፊደልና ቁጥር እንለውጠዋለን። ዛሬም በብዙ ቦታ የሚሠራበት አሥረኛው እትም፣ በተለምዶ አይሲዲ 10 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከ1994 ጀምሮ አባል አገሮች ሥራ ላይ ያዋሉት ሲሆን፣ ተተኪው አይሲዲ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ተቀባይነት አግኝቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። አኃዛዊ መረጃው የሚጠናቀረው፣ የሕክምና መሣሪያና የባለሙያ ፍላጎት የሚታቀደው፣ መድን ባለበትም ቦታ ክፍያ የሚታሰበው ከእነዚህ ኮዶች ተነሥቶ ነው። የሥራችን ትልቁ ደንብ ግን አንድ ነው፦ ሐኪሙ ያልጻፈውን የምርመራ ውጤት እኛ አንጽፍም። ካርዱን አንብበን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ቢታየን እንኳ የመጠየቅ እንጂ የመፍረድ ሥልጣን የለንም።

በአይሲዲ 10 ውስጥ ከፒ10 እስከ ፒ15 ያለው ክፍል በሙሉ ለወሊድ ጉዳት የተመደበ ነው። ከአንገት ግርጌ እስከ ትከሻ የሚዘረጋው አጥንት ከተሰበረ ፒ13.4 አለው፤ ክንድን የሚያዝለው የኧርብ ሽባነት ፒ14.0 አለው፤ ወደ ድያፍራም የሚወርደው ነርቭ ከተጎዳ ፒ14.2 ይሰጠዋል። የአከርካሪና የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የራሱ ቤት ያለው ሲሆን እርሱም ፒ11.5 ነው፤ በወሊድ ምክንያት የመጣ የአከርካሪ አጥንት ስብራትም የሚገባው እዚያው ነው። በክፍሉ መጨረሻ ደግሞ ፒ15.9 አለ፤ ትርጉሙ «ዝርዝሩ ያልተገለጸ የወሊድ ጉዳት» ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን እኛ በሥራ ቦታ «መጋዘን» እንለዋለን፤ ስሙን ሊጽፍለት የደፈረ ሰው ያላገኘ ነገር ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነውና። አዘጋጁ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ግን በእነዚህ ኮዶች በአንዳቸውም ውስጥ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ የሚናገር ቃል አለመኖሩን ነው። ኮዱ የሚናገረው የትኛው የሰውነት ክፍል እንደ ተጎዳና ጉዳቱ በየትኛው የሕይወት ወቅት እንደ ደረሰ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ራሱ ከስንት አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ ከሚዘነጋበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው። የአራስ ሕፃን አከርካሪ ገና ያልጠነከረ፣ በብዛት በልም አጥንትና በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ በመሆኑ ሲሳብ ይረዝማል፤ በውስጡ ያለፈው ኅብለ ሰረሰር ግን እንደ እርሱ አይለጠጥም። በሕክምናው ጽሑፍ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲጠቀስ በኖረው ልኬት መሠረት አከርካሪው እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መለጠጥ ሲችል፣ ኅብለ ሰረሰሩ የሚችለው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው፣ በራጅ ላይ አጥንቶቹ ተሰልፈው ደኅና እየታዩ ሕፃኑ እንዴት ከአንገቱ በታች ሊዝል እንደሚችል አያስገርመውም። «ራጁ ንጹሕ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአዋቂ ላይ የሚያጽናናውን ያህል በአራስ ላይ አያጽናናም፤ ጥያቄውን የሚመልሰው ኤምአርአይ ነው፤ የአራስ አከርካሪ የኋላ ክፍል ገና ያልጠነከረ በመሆኑ በአልትራሳውንድም ኅብለ ሰረሰሩን ማየት ይቻላል።

ሕፃኑ በመቀመጫው መጥቶ ሰውነቱ ከወጣ በኋላ ጭንቅላቱ አልወጣ ብሎ ሲያዝ፣ ይልቁንም አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሳለ ሲሳብ፣ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው አንገትና በላይኛው ደረት መካከል ያርፋል። በጭንቅላቱ መጥቶ ፎርሴፕስ በሚባለው የማዋለጃ መቆንጠጫ ሲዞር የሚደርሰው ግን ከፍ ብሎ በላይኛው አንገት ላይ ነው፤ እዚያ ከሆነ መተንፈስ ራሱ ይቆማል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ብሮንሰን ክሮዘርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በመቀመጫ በሚመጡ ሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። ደግሞም ከማንም እጅ ያልመጣ ጉዳት አለ። ገና በማህፀን ሳለ አንገቱ ወደ ኋላ ተለጥጦ የቆየ ሕፃን በቀዶ ጥገና በጥንቃቄ ተወልዶም እንኳ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፒ11.5 በካርድ ላይ መጻፉ አዋላጁን አይከስስም፤ አለመጻፉም ነጻ አያወጣውም።

ከብዙ ዓመታት በፊት በእጄ የገባ አንድ ካርድ ነበር፤ የት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም። የመውጫ ማጠቃለያው ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፦ «ከባድ የወሊድ መታፈን። ለክትትል ተቀጥሯል።» ለዚህ የሚሰጠው ኮድ ፒ21.0 ነው። እርሱን ጽፌ ልዘጋው ስል አንድ ነገር አላምርህ አለኝ። በምደባው መሠረት ከባድ መታፈን የሚባለው በመጀመሪያው ደቂቃ የተሰጠው የአፕጋር ነጥብ፣ ማለትም አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁኔታ የሚለካበት ነጥብ፣ ከ0 እስከ 3 ሲሆን ነው፤ በዚህ ካርድ ላይ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ 5፣ በአምስተኛው ደቂቃ 6 ተብሎ ተጽፏል። ቃሉና ቁጥሩ አልተስማሙም።

የማዋለጃ ክፍሉን ቅጽ ፈልጌ አወጣሁ። ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመችው ነጥብ አሰጣጥ አምስት ነገሮችን፣ ማለትም የልብ ምትን፣ አተነፋፈስን፣ የጡንቻ ጥንካሬን፣ ለንክኪ የሚሰጠውን ምላሽና የቆዳ ቀለምን፣ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 እየሰጠ የሚደምር መሆኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ድምሩን ሁሉም ይጽፈዋል፤ ዝርዝሩን የሚጽፈው ግን ጥቂቱ ነው። ደግነቱ በዚያ ቀን የነበረችው አዋላጅ ከጥቂቶቹ አንዷ ነበረች። በአምስተኛው ደቂቃ ለልብ ምት 2፣ ለቆዳ ቀለም 2፣ ለአተነፋፈስ 1፣ ለንክኪ ምላሽ 1 ከሰጠች በኋላ በጡንቻ ጥንካሬው ፊት 0 ጽፋ በክብ ከብባዋለች። ልቡ ደኅና የሚመታ፣ ቀለሙ የጠራ፣ ሰውነቱ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ የወደቀ ሕፃን በኦክስጅን እጦት ብቻ ተጎድቷል ለማለት ያስቸግራል፤ ቢያንስ ሌላ ነገር እንዲታሰብ ያስገድዳል። ድምሩ 6 ግን ይህን ሁሉ ይውጠዋል።

ቀጥዬ የነርሶቹን የሌሊት ማስታወሻ ገለጥኩ። በሦስተኛው ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ በተጣደፈ እጅ እንዲህ ብላለች፦ «ለደም ምርመራ ተረከዙ ሲወጋ እግሩን ይሰበስባል፤ ፊቱ ግን አይለወጥም፣ አያለቅስም። ግንባሩን ሲነኩት ዐይኑን ይገልጣል፣ ፊቱን ያኮሳትራል። ሽንት ስላልሸና የታችኛው ሆዱ ተነፍቷል።» ይህችን ማስታወሻ እስከ ዛሬ በቃሌ እይዛታለሁ። በዚያው ቀን ጠዋት የተጻፈው የሐኪም ማስታወሻ «እግሮቹን ያንቀሳቅሳል» ይላል፤ ሁለቱ ያዩት አንድን እግር ነው። ሆኖም ኅብለ ሰረሰሩ ከላይ የተቋረጠ ሕፃንም እግሩ ሲወጋ ሊሰበስብ ይችላል፤ ያ ሪፍሌክስ አእምሮን ሳያማክር በታችኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል የሚያልቅ ነውና። ሕመሙ ወደ ላይ መድረሱን የሚናገረው እግሩ ሳይሆን ፊቱ ነው። ነርሷ ፊቱን አይታለች፤ ያየችውንም ያለ ትንታኔ አስፍራዋለች። ከዚህ የተሻለ የአመዘጋገብ ምሳሌ አላገኘሁም።

ነገር ግን የነርስ ማስታወሻ በእኛ ደንብ ለምርመራ ውጤት ኮድ አይበቃም፤ ሐኪሙን መጠየቅ አለብን። የጽሑፍ ጥያቄ አቀራረቡ የራሱ ሥርዐት አለው፤ «ይህ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት አይደለምን?» ብሎ መጠየቅ መልሱን በአፉ ማጉረስ ስለሆነ አይፈቀድም። ስለዚህ የአፕጋሩን ዝርዝር፣ የነርሷን ቃል እንዳለ፣ ሕፃኑ በመቀመጫው መምጣቱንና ጭንቅላቱ ተይዞ እንደ ነበረ በየቀኑና በየሰዓቱ ጠቅሼ፣ «እነዚህ ምልክቶች ከየትኛው ሕመም ወይም ጉዳት ጋር እንደሚያያዙ እባክዎ ይግለጹ፤ መወሰን ካልተቻለም ይህንኑ ይጻፉ» ብዬ ላክሁለት። ዶክተሩ ካርዱን ብብቱ ሥር ይዞ ራሱ ወደ ክፍላችን መጣ። የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «እኔ ይህን ብጽፍ ነገ የሚከሰሰው ማነው?» የሚል ነበር።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህ ጥያቄ የደብዳቤዬ እምብርት ነው። ሰውየው ክፉ ሐኪም አልነበረም፤ ሕፃኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተነፍስ ያደረ ሰው ነው። ነገር ግን «የወሊድ ጉዳት» የሚለው ቃል በሰፈርም፣ በጋዜጣም፣ በሆስፒታል ስብሰባም «ጥፋት» ማለት ሆኖ ስለ ሰማው፣ እውነቱን መጻፍ በሥራ ባልደረባው ላይ መመስከር መሰለው። «መታፈን» ግን የማንም ያልሆነ፣ ከሰማይ እንደ ወረደ የሚቆጠር ቃል ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቃል ሌላውን ይሸፍነዋል። እኔም የመለስኩለት ከላይ የጻፍኩትን ነው፦ ኮዱ ጥፋተኛ አይመርጥም፤ ጥፋት መኖር አለመኖሩን የሚመረምር አካል ቢመጣም ደግሞ የሚያጠራጥረው የተጻፈው ሳይሆን ነርሷ ጽፋው ሐኪሙ ያለፈው ነገር ነው። አልተስማማንም፤ ግን በቀጠሮው ቀን ሕፃኑን እንደገና በመርፌ ጫፍ ከእግር ወደ ላይ እየነካ ፊቱን እያየ መረመረው፤ ኤምአርአይም አስነሣው። ኅብለ ሰረሰሩ በታችኛው የአንገት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ።

ለመሆኑ ስሙ ቢለዋወጥ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያመጣው ለውጥ ይህ ነው፦ በኦክስጅን እጦት አእምሮው ለተጎዳ ሕፃን የሚደረገው የማቀዝቀዝ ሕክምና በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ72 ሰዓት መቀጠል ይኖርበታል፤ አንገቱ የተጎዳ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ራሱና አንገቱ ሳይንቀሳቀስ መያዙ፣ ከዚያም ፊኛው መታየቱ ነው። ሁለቱም ጉዳት በአንድ ሕፃን ላይ ሊኖር እንደሚችል አልዘነጋሁም፤ እንዲያውም አንዱ ሲጻፍ ሌላው የሚረሳው በዚህ ምክንያት ነው። በወራት ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ መሳሳት አለ። ዝሎ የተወለደ ሕፃን በካርዱ ላይ «የጡንቻ መዛል» ተብሎ ፒ94.2 ብቻ ከተሰጠው፣ ቀጣዩ ሐኪም በዘር ወደሚተላለፈው የኅብለ ሰረሰር ጡንቻ መመንመን፣ ወደ ጂ12.0፣ ሊያዘነብል ይችላል። ይህ በሽታ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ በመሆኑ እናትና አባት በእያንዳንዱ ቀጣይ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል እንዳለ ይነገራቸዋል፤ ባልነበረ በሽታ ምክንያት ልጅ መውለድ ይፈራሉ። በተቃራኒው በሽታው በእርግጥ ያለበትን ሕፃን «በወሊድ ተጎድቷል» ብሎ መዝጋትም እንዲሁ ጥፋት ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጸደቁት መድኃኒቶች የሚረዱት ቶሎ ሲጀመሩ ነውና። ስለዚህ ፒ11.5 በስሙ ይጻፍ ማለቴ በዘፈቀደ ይጻፍ ማለት አይደለም።

የዝለቱ ምክንያት ከወሊድ በኋላ የመጣም ሊሆን ይችላል። በእትብት የደም ቧንቧ በኩል የገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሄደውን ደም ዘግቶ እግርን ያዛለበት ጊዜ አለ፤ ይህ ጉዳት በጂ95.1 እንጂ በፒ11.5 አይመዘገብም። «የአከርካሪ ችግር» ወይም «የጀርባ ችግር» የሚሉት ልቅ አነጋገሮችም ከሁሉ የባሱ ናቸው፤ ሲፈጠር ክፍት ሆኖ የቀረን አከርካሪ፣ ማለትም ኪዩ05ን፣ እና በምጥ ጊዜ የተጎዳን አከርካሪ በአንድ ከረጢት ይከታሉ። አንዱ ከፅንስ መጀመሪያ ሳምንታት የመጣ ነው፤ ሌላው ከመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች። ሕፃኑ ካደገ በኋላ በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ለሚመጣ የአንገት ኅብለ ሰረሰር ጉዳት የሚሰጠው ኤስ14ም ለአራስ አይሠራም፤ ያ ምዕራፍ የወሊድ ጉዳትን በግልጽ ከራሱ ያስወጣል።

ታዲያ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለ ባለሙያ ምን ይጻፍ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው ካርድ ሳነብ የሚጎድለኝን ነው። ሕፃኑ በምን መጣ፣ ራሱና አንገቱ ከምጡ በፊት በአልትራሳውንድ እንዴት ሆነው ታዩ፣ ሰውነቱ ወጥቶ ራሱ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ መሣሪያ ከተጠቀሙ የትኛውን፣ ስንት ጊዜ ሳቡ፣ ዞሯል ወይስ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ሲወጣ የመሰበር ድምፅ የሰማ አለ ወይ የሚሉት በሰዓት ተለይተው ቢጻፉ ለአንድ ገጽ እንኳ አይበቁም። ከዚያ በኋላ «ዝሏል» ከማለት ይልቅ የትኛው እጅና የትኛው እግር እንደ ዛለ፣ ፊቱና ዐይኑ እንዴት እንደ ነበሩ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ይነሣል ወይስ ሆዱ ብቻ፣ ከየት ጀምሮ ሲነካ ፊቱ እንደሚለወጥ፣ ሽንቱ በራሱ እየወረደ ወይም ታግዶ እንደ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የጉዳቱ ከፍታ ይጻፍልን፤ «ኅብለ ሰረሰር» ብቻ ማለት ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን ሁሉ ማለት ነው። ያልተረጋገጠ ነገር ከሆነ «ይጠረጠራል» ተብሎ የጥርጣሬው ምክንያት ይከተል፤ ሐኪም መጠርጠሩን መጻፉ አያሳፍርም። ዘግይቶ የተገኘ ነገር ደግሞ «ተጨማሪ ማስታወሻ» ተብሎ በተጻፈበት ቀንና ሰዓት ይግባ እንጂ የድሮው ገጽ አይፋቅ፣ አይደለዝ።

የእናትየው ካርድ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ደንቡ የሕፃኑን ጉዳት በሕፃኑ ካርድ፣ የእናትየውን በእናትየው ካርድ እንድናስገባ ያዛል፤ ተገቢም ነው። ስለዚህ በመሣሪያ ስለ መሳቡ ዝርዝሩ ሁሉ በእናትየው ካርድ ላይ ይቀርና ሕፃኑ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ባዶ እጁን ይሄዳል። አይሲዲ 10 ይህን ታሳቢ አድርጎ ፒ03 በሚለው ሥር በመቀመጫ የመምጣትን፣ የፎርሴፕስንና የቫኪዩምን ተጽዕኖ በሕፃኑ ካርድ ላይ የምንጽፍበት ቦታ አዘጋጅቷል፤ የሚጠቀምበት ካገኘ።

የራሳችንን ወገን ጥፋትም ልናገር። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስንቱን ካርድ ወደ ፒ15.9 እንደ ጣልኩ ባስታውስ አፍራለሁ። የሚጠበቅብን የካርድ ብዛት በቀን ተቆጥሮ ሲሰጠን ጥያቄ መጻፍ ጊዜ ያባክናል፤ ማጠቃለያውን ብቻ አንብቦ መዝጋት ደግሞ ያስመሰግናል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ይሻላል ብለን ነበር፤ አንዳንዱ ተሻለ፣ አንዳንዱ ግን ባሰ። ዝርዝር ውስጥ ከላይ የተቀመጠውን መርጦ ማለፍ ቀላል ሆነ፤ የትናንቱን የምርመራ ማስታወሻ ገልብጦ ለዛሬ መለጠፍም እንዲሁ። «እጅና እግሩን በሚገባ ያንቀሳቅሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያለ አንዲት ፊደል ለውጥ ለስድስት ቀናት ተደጋግሞ፣ በሰባተኛው ቀን «አራቱም እጅና እግር ሽባ ናቸው» የሚል የነርቭ ሐኪም ማስታወሻ የተከተለበትን ካርድ በዐይኔ አይቻለሁ። የትኛው ቀን እውነት እንደ ነበረ ከዚያ ካርድ ማንም ሊያወጣ አይችልም።

ይህ ሁሉ ጉዳይ ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲወጣ አያልቅም። የፒ ምዕራፍ የሚመለከተው በወሊድ አካባቢ የጀመሩ ሁኔታዎችን ነው፤ ውጤታቸው ከዓመታት በኋላ ቢታይም መነሻቸው ያው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለመግባት የደረሰ ልጅ በጂ82 አራቱም እጅና እግር ሽባ መሆኑ ሲመዘገብ፣ መነሻው በካርዱ ከሌለ በአቅራቢያ ያለው ዝግጁ ስም «ሴሬብራል ፓልሲ»፣ ጂ80፣ ይለጠፍበታል። ያ ስም የሚናገረው ስለ አእምሮ ነው። አእምሮው ሙሉ የሆነ፣ የሚናገር፣ የሚያስብ ልጅ በዚህ ስም ምክንያት መማር እንደማይችል ተቆጥሮ ሲገፋ አይቻለሁ፤ የፊኛና የኩላሊት ክትትሉም ማንም ስላላሰበው ይቀራል። እናቱ የወሊድ ካርዱን ግልባጭ ፍለጋ ወደ እኛ መስኮት የመጣች ጊዜ ያገኘሁላት ወረቀት «መታፈን» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም አልነበረበትም። «ልጄ እኮ አልታፈነም፤ ዐይኑን አፍጥጦ ያየኝ ነበር» አለችኝ። የሕክምና ቃል አታውቅም፤ ልክ ግን ነበረች።

ሕፃኑ ሲሞት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይሸፈናል። የአስከሬን ምርመራ ሲደረግ ራስ፣ ደረትና ሆድ ይከፈታሉ፤ አከርካሪው ግን በተለይ ካልተጠየቀ በቀር ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው በወሊድ አካባቢ የሚከሰቱ ሞቶች አመዘጋገብ የሕፃኑን የሞት ምክንያት ከእናትየው ሁኔታ ጋር አያይዞ እንዲጻፍ ያደርጋል፤ የወሊድ ጉዳትንም ከኦክስጅን እጦት ለይቶ ያስቀምጠዋል። መለየቱ ጥሩ ነው፤ የሚለየው ግን የተጻፈውን ነው።

ወደዚያ ሐኪም ልመለስ። ኤምአርአዩ ከተነበበ በኋላ በማግስቱ ካርዱን አስወጥቶ ከመውጫ ማጠቃለያው ሥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ፣ «ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመቀመጫው ሲወለድ በታችኛው የአንገት ክፍል የደረሰ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት፤ ቀድሞ በነርስ ማስታወሻ ላይ የሰፈረው ምልክት ከዚሁ ጋር ይስማማል» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመም። «ስሟን ልጻፈው?» ሲል የነርሷን ስም ማለቱ ነበር። ፊርማዋ በማስታወሻዋ ላይ ስላለ አያስፈልግም አልኩት። እኔም ፒ21.0ን ሰርዤ ፒ11.5ን፣ ከጎኑም ፒ03.0ን አስገባሁ። ማንም አልተከሰሰም፤ ቢከሰስም ኖሮ እውነቱ ያው ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩን ጽሑፍ ስታዘጋጁ አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ሆስፒታሎችን በወሊድ ጊዜ ስንት ሕፃን እንደ ተጎዳባቸው ስትጠይቁ፣ ከእነዚያ መካከል ስንቱ በፒ15.9 ሥር እንደ ተመዘገበ፣ ስንቱ ካርድ ላይ ደግሞ የአፕጋሩ ዝርዝር ተሟልቶ እንደ ተገኘ ጨምራችሁ ጠይቁ። የተጎዱት ቁጥር ብዙ ሆኖ የታየበትን ሆስፒታል ለማውገዝ ከመቸኮላችሁ በፊትም ቁጥሩ ዜሮ የሆነበትን ጎብኙት።

ከአክብሮት ጋር
በሕክምና መዝገብና ኮድ አሰጣጥ ሥራ ላይ ያለሁ አንባቢያችሁ